ፊሽካው ይብዛ

«አጫውት እንጂ! ዳኛ፣ አጫውት አቦ!»

ሐረር ውስጥ ኳስ ለማየት የቆመ ሰው ይህን ጩኸት ሳይሰማ ወደ ቤቱ አይመለስም። ከጀጎል ግንብ ውጭ ባሉት አቧራማ ሜዳዎች የሰፈር ቡድኖች ሲገጥሙ ይሰማል፤ ኢማም አሕመድ ስታዲየም ውስጥ ይሰማል፤ ዲኤስቲቪ በሚያሳዩ ቤቶች ደግሞ ዳኛው ማንቸስተር ሆኖ ጩኸቱ ፈረስ መጋላ ላይ ይሰማል። ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ፊሽካህን ተው፣ የወደቀው ራሱ ይነሣ፣ ኳሷ ትሂድ። ዳኛው እሺ ካለ «አጫዋች ነው» ይባላል፤ በእኛ ዘንድ ለዳኛ ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም። እምቢ ካለ «ፊሽካ አበዛ»፣ «ጨዋታውን ገደለው» ይባላል፤ የቀረውን ስድብ እዚህ መጻፍ አያስፈልግም።

በዚህ ጉዳይ ከከተማዬ ሰው ጋር ከተጣላሁ ቆየሁ። አጫዋች የሚባለውን ዳኛ አልወደውም። ሐኪም በሌለበት፣ አምቡላንስ በማይቆምበት፣ ካሜራ በማያይበት ሜዳ ላይ ፊሽካውን ይዞ ዝም የሚል ዳኛ አደገኛ ሰው ነው ብዬ አምናለሁ።

ጠቡ የተጀመረው በአንድ ልጅ ምክንያት ነው። የሰፈር ውድድር ነበር፤ ማን እንዳዘጋጀው፣ እነማን እንደተጫወቱ ይቅር። ሁለት ልጆች ለአንድ ኳስ ዘለሉ። ከፊት ያለው በቴስታ ሊገጭ፣ ከኋላ የመጣው ክርኑን አስቀድሞ። ክርኑ ጆሮ ግንዱ ላይ አረፈ። ልጁ እጁን እንኳ ሳይዘረጋ በፊቱ ተደፋ። ሰው ሲወድቅ እጁን የሚያስቀድመው ሳያስበው ነው፤ ያላስቀደመ እንደሆነ ገና መሬት ሳይነካ ራሱን ስቷል ማለት ነው። ዳኛው ሁለት እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ «ቀጥል» አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ኳሷ ከሜዳ ስትወጣ አንድ ሃይላንድ ውኃ አናቱ ላይ ተደፋ፤ «ተነሣ፣ ወንድ አይደለህም እንዴ!» ተባለ፤ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል ተጫወተ። ስንት ለስንት እንደሆኑ ሁለት ጊዜ ጠየቀ። ከዕረፍት በፊት ከጎሉ ጀርባ ሄዶ አስመለሰው፤ በረኛቸው «ምን በልተህ ነው?» ሲለው ሰማሁ።

ልጁ ተርፏል፤ ሦስት ሳምንት ትምህርት ቤት ሳይሄድ፣ ብርሃን እየፈራ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተኝቶ ነው የተረፈው። ያን ዕለት ግን ከሜዳ ስንመለስ የመንገዱ ወሬ ሌላ ነበር። «ዛሬ ዳኛው ጥሩ ነበር፤ አጫውቷል።»

በሸዋሊድ ሰሞን ደግሞ ይኸው ሙግት ከማላስበው አቅጣጫ መጣብኝ። ብዙ ዓመት ዋሽንግተን አካባቢ የኖረ አብሮ አደጌ ለበዓሉ መጥቶ፣ እናቱ ቤት ነደባው (መደቡ) ላይ ተደግፈን ስንጨዋወት ስለ አሜሪካን ፉትቦል አነሣ። ይህ ጨዋታ በእኛ ዘንድ ብዙም አይታወቅም፤ ኳሷ እንደ ሎሚ ሾጠጥ ያለች፣ ተጫዋቹ የራስ ቁርና የትከሻ መከላከያ የለበሰ፣ አብዛኛው ሥራ በእጅ የሚሠራበት፣ ሰው ሰውን ገጭቶ መጣል ሕጋዊ የሆነበት ነው። ቡድኑን የሚመራውና ኳሷን የሚወረውረው ኳርተርባክ ይባላል። አብሮ አደጌ በእሱ ነው የተቃጠለው። «ኳርተርባኩን እንደ እንቁላል ሆኗል የሚይዙት» አለኝ። «ገና ጫፉን ስትነካው ዳኛው ቢጫዋን ጨርቅ ይወረውራል። ጨዋታው የወንድ መሆኑ ቀረ።»

እዚያ ማዶ ጨርቅ ይወረወራል፤ እዚህ ፊሽካ ይነፋል። ቅሬታው አንድ ነው።

ለአብሮ አደጌ ፍትሕ ልስጥ፤ ማስረጃ አላጣም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 ግሪን ቤይ ሚኒሶታን 29 ለ 21 እየመራ፣ ጨዋታው ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይቀረው፣ የሚኒሶታ ኳርተርባክ የወረወራት ኳስ ተጠልፋ ነገሩ አለቀ ሲባል ዳኛው ጨርቁን ወረወረ። ክሌይ ማቲውስ የተባለው ተከላካይ ኳርተርባኩን አንሥቶ ከመሬት ደባልቆታል በሚል ጠለፋው ተሰረዘ። ሚኒሶታ አገባ፤ ጨዋታው 29 ለ 29 ተለያየ። በሳምንቱ ዊልያም ሄይስ የተባለ የማያሚ ተከላካይ ኳርተርባኩ ላይ ላለመውደቅ ሰውነቱን ሲያጣምም የራሱ ጉልበት ተበጠሰ። ያንን ዓመት ዘግቶ ወጣ። ሕግ አንዱን አድናለሁ ብሎ ሌላውን እንደሚሰብር ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም፤ አብሮ አደጌም ይህን ሲነግረኝ እጁን ጭኑ ላይ እያጨበጨበ ነበር።

ይሁን እንጂ ስሌቱን እንሥራ። ዳኛው ሳያስፈልግ ጨርቁን ከወረወረ ቅጣቱ 15 ያርድ ነው፤ 14 ሜትር አይሞላም። ሲከፋ አንድ ድል ይሄዳል፤ ድል ደግሞ በሚቀጥለው እሑድ ይመለሳል። ዳኛው መወርወር ሲገባው ዝም ካለስ? ይህን ለማወቅ እዚያው አገር ወደ ኋላ መሄድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1905 አሜሪካ ውስጥ በዚህ ጨዋታ ምክንያት በአንድ ወቅት 18 ወጣቶች እንደሞቱ ጋዜጦች ቆጠሩ። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የታላላቆቹን ኮሌጆች ሰዎች ቤተ መንግሥታቸው ጠርተው መከሩ። ሩዝቬልት ለስላሳ ሰው አልነበሩም፤ አንበሳ አዳኝ ናቸው። ሕጉ በ1906 ተለወጠ፤ ከለውጦቹ አንዱ ኳስን ወደ ፊት መወርወር ሕጋዊ መሆኑ ነው። ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ተከምሮ ከሚፋጭ ሜዳው ይከፈት ተብሎ ነው። ያኔም «ጨዋታውን አበላሹት» ያለ ሞልቷል። ዛሬ የዚያ ጨዋታ ውበት የሚባለው፣ ኳርተርባክ የሚባለውን ሰው በሚሊዮን የሚያስከፍለው፣ አብሮ አደጌም ሌሊት ቁጭ ብሎ የሚያየው ይኸው ወደ ፊት የሚወረወር ኳስ ነው። አብሮ አደጌ የሚወደው ነገር የተወለደው እሱ ከሚጠላው ዓይነት ሕግ ነው። ይህን ስነግረው ትንሽ ዝም አለና «እሱ ሌላ ነው» አለኝ። አይደለም። ራሱ ነው።

ስለ አንጎል ጉዳት ግን ለረጅም ዘመን ዝም ተባለ። ዝምታውን የሰበረው ደግሞ የእኛው አህጉር ሰው ነው። ናይጄሪያዊው ሐኪም በኔት ኦማሉ እ.ኤ.አ. በ2002 ፒትስበርግ ውስጥ የማይክ ዌብስተርን አስከሬን መረመረ። ዌብስተር በፒትስበርግ ከተማ የፉትቦል ጀግና የነበረ፣ አእምሮው ተናግቶ፣ ቤት አልባ ሆኖ ከርሞ በ50 ዓመቱ የሞተ ሰው ነው። ኦማሉ ውስጡ ያገኘውን የአንጎል ጉዳት እ.ኤ.አ. በ2005 በሕክምና መጽሔት አሳተመ። የአሜሪካን ፉትቦል ሊግ ሐኪሞች ጽሑፉ ይሰረዝ ብለው ተነሡ። እ.ኤ.አ. በ2013 ግን ያው ሊግ ከ4,500 በላይ ከሆኑ የቀድሞ ተጫዋቾች ጋር በ765 ሚሊዮን ዶላር ለመታረቅ ተስማማ፤ በኋላ ጣሪያው ራሱ ተነሣ። እነዚያ ሰዎች በዘመናቸው ስለ ፊሽካ መብዛት ያጉረመረሙ አይመስለኝም። አጫዋች በሆነ ዘመን ነው የተጫወቱት።

«ይህማ የራስ ቁር ለብሰው ስለሚገጫጩት ነው፤ የእኛ ኳስ ሌላ ነው» የሚል አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2019 ከግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የወጣው ጥናት የቀድሞ የስኮትላንድ ፕሮፌሽናል ኳስ ተጫዋቾችን ከሌላው ሕዝብ ጋር አነጻጽሮ በአንጎል መድከም በሽታ የመሞት ዕድላቸው ሦስት ተኩል እጥፍ ገደማ እንደሆነ አገኘ። ይህ የእኛው ኳስ ነው፤ በቴስታ የምንገጨው። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2002 እንግሊዝ ውስጥ የጄፍ አስል አሟሟት ሲጣራ፣ መርማሪው ሞቱን የሥራ በሽታ ነው ብሎ ፈረደ። አስል የዌስት ብሮም አጥቂ ነበር፤ የሚታወቀውም በቴስታው ነው።

ወደ እኛ ሜዳ እንመለስ። እዚያ አሜሪካ ዳኛው ቢሳሳት ከጀርባው ስንት ሰው አለ! ከየትኛውም ቡድን ያልሆነ የነርቭ ሐኪም ሜዳ ዳር ይቆማል፤ ከላይ ሆኖ ስክሪን የሚያይ ተመልካች አለ። ያም ሆኖ ይሳሳታሉ፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 የማያሚው ኳርተርባክ ቱዋ ታጎቫይሎአ በእሑዱ ጨዋታ ተገጭቶ ሲንገዳገድ ዓለም እያየው ተመልሶ ገባ፤ ከአራት ቀን በኋላ ደግሞ በሌላ ጨዋታ ተወርውሮ ሲወድቅ ጣቶቹ አየር ላይ ተኮራምተው ቀሩ። በመጀመሪያው ቀን የመረመረው አማካሪ ሐኪም ከሥራ ተነሣ፤ የምርመራው ደንብም ተለወጠ። ከአሥር ቀን በኋላ አትላንታ ከታምፓ ሲጫወት ዳኛው የታምፓውን ኳርተርባክ ቶም ብሬዲን የጣለውን ተከላካይ ቀጣ፤ አሜሪካ በአንድ ድምፅ ጮኸች። እኔም ቪዲዮውን አይቼዋለሁ፤ ቅጣቱ ልክ አልነበረም። ነገር ግን ከአሥር ቀን በፊት የታጠፉትን ጣቶች ያየ ዳኛ እጁ ወደ ጨርቁ ቢፈጥን የሚገርም አይደለም።

ሐረር ውስጥ በሰፈር ውድድር ከዳኛው ጀርባ ማን አለ? የቡድን ወጌሻ ካለ ጥሩ ነው፤ እሱም ቢሆን የሚያውቀው ወለምታና የጡንቻ መሸማቀቅ ነው። አምቡላንስ ቢጠራ ጀጎል ሆስፒታል ወይም ሕይወት ፋና ለመድረስ መጀመሪያ የሚመጣ አምቡላንስ መገኘት አለበት። ስለዚህ ልጁ ራሱን በሳተባት ቅጽበትና ተመልሶ በሚገባባት ቅጽበት መካከል የቆመ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ዳኛው ነው። የጨዋታው ሕግም ይህን ሥልጣን ሰጥቶታል። ተጫዋች ክፉኛ ተጎድቷል ብሎ ካመነ ጨዋታውን ያስቆማል፤ ጉዳቱ ቀላል ነው ብሎ ካመነ ያስቀጥላል። ሕጉ «ብሎ ካመነ» ነው የሚለው። ኤክስሬይ አንሣ አላለውም። ሐኪም ያልሆነን ሰው በሁለት ሰከንድ ከባድና ቀላል ለይ ካልነው፣ በተጠራጠረ ቁጥር ይንፋ ከማለት ሌላ ምን ብልኃት አለ?

ዳኛ ከሐኪም ቀድሞ ሊያይ እንደሚችል ደግሞ በዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 ማራካና ላይ ጀርመንና አርጀንቲና ሲጫወቱ ጀርመናዊው ክሪስቶፍ ክራመር በ17ኛው ደቂቃ ላይ ጭንቅላቱን ተገጨ። የዓለም ምርጥ የሚባሉ ሐኪሞች ዳር ቆመው ተመልሶ ገባ። ጥቂት ቆይቶ ጣሊያናዊውን ዳኛ ኒኮላ ሪዞሊን «ዳኛ፣ ይህ ፍጻሜው ነው?» ብሎ ጠየቀው። ሪዞሊ መጀመሪያ ቀልድ መሰለው፤ ልጁ ደግሞ ሲጠይቀው ለጀርመኑ ሽቫይንሽታይገር ነገረው፤ ክራመር በ31ኛው ደቂቃ ወጣ። የማያሳስበው ዳኛ ቢሆን «አዎ፣ ተጫወት» ብሎት ያልፍ ነበር። የእኛ ሰፈር ልጅ «ስንት ለስንት ነን?» ብሎ ሁለት ጊዜ ሲጠይቅ የሰማው በረኛ ሳቀ እንጂ ለማን ይናገር?

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። «አጫዋች ዳኛ» የምንለው ሰው ብዙ ጊዜ የፈራ ዳኛ ነው። ይህን ደጋፊው አያስተውለውም ወይም ማስተዋል አይፈልግም። ፋውል ባልነፋ ቁጥር የሚቆጣበት አንድ ወገን ብቻ ነው፤ ያም ከሩቅ የመጣው እንግዳ ቡድን ነው። በነፋ ቁጥር ግን የሚቆጣው ሙሉ ሜዳው ነው። ቅጣት ምት ሰጠ ማለት ክርክር ከፈተ ማለት ነው፤ ቢጫ ካርድ አወጣ ማለት በስድስት ሰው ተከበበ ማለት ነው፤ በመጨረሻው ደቂቃ ሪጎሬ ሰጠ ማለት ደግሞ በየትኛው በር እንደሚወጣ ማሰብ መጀመር አለበት ማለት ነው። ዝም ቢል ምንም አይደርስበትም። እንዲያውም ይመሰገናል። እንዲህ ባለ ገበያ ውስጥ ዝምታ ከሁሉም ርካሽ ሸቀጥ ነው።

በ2010 ዓ.ም ሚያዝያ ላይ ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲና መከላከያ ሲጫወቱ ዳኛው ሜዳ ውስጥ ተደበደቡ፤ ፕሪሚየር ሊጉ ራሱ ለጊዜው ቆመ። በአገሪቱ ትልቁ ሊግ፣ ፖሊስ በከበበው ሜዳ ዳኛ ከተመታ፣ አጥር በሌለው የሰፈር ሜዳ የሚዳኘው ሰው ምን ያስባል? ብዙዎቹ መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው፤ ሰኞ ጠዋት ከሰደቧቸው ሰዎች ልጆች ፊት ቆመው ያስተምራሉ። (አሜሪካም ቢሆን እንደዚያው ነው፤ ለብዙ ዓመት ታዋቂ የነበረው ዳኛ ኤድ ሆኩሊ የመደበኛ ሥራው ጥብቅና ነበር። እሱ ግን ወደ ቢሮው ሲሄድ ድንጋይ የያዘ አልጠበቀውም።) «ሌባ! ሌባ!» እያልን ያሳደግነው ዳኛ ክርን ሲያይ ዓይኑን ወደ ኳሷ ቢመልስ ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም።

ሌባ ዳኛ የለም አላልኩም። አለ። የተገዛ ዳኛም በዓለም ሁሉ ተይዟል። ነገር ግን አስተውሉ፤ ጉቦ የበላ ዳኛ ፊሽካ ማብዛት አያስፈልገውም፤ በአንድ ወሳኝ ቦታ ላይ ዝም ማለት ይበቃዋል። ያልተነፋ ፊሽካ ዱካ የለውም። የተነፋው ግን ሁሉ ሰው ሰምቶታል፤ ይከራከሩበታል፤ ሪፖርት ላይ ይሰፍራል። ሌብነት የሚያሳስበው ሰው መመኘት ያለበት የሚነፋ ዳኛ ነው።

አሁን አሁን ደግሞ አዲስ ጸሎት መጥቷል፤ «ቫር ይምጣልን» የሚል። ፕሪሚየር ሊጉ በ2013 ዓ.ም የውድድር ዘመን በአምስት ዓመት 68 ሚሊዮን ዶላር ውል ዲኤስቲቪ ላይ መታየት ከጀመረ ወዲህ፣ ድሬዳዋም ከአስተናጋጅ ከተሞች አንዷ ስትሆን፣ የሐረር ሰው የአገሩን ዳኛ ስሕተት በዝግታ እየተደጋገመ ማየት ቻለ። ዓይኑ ተከፈተ፤ ትዕግሥቱ ግን ተዘጋ። ካሜራው እንደሚገላግለን ያምናል። ካሜራ ያለው ምን ሆነ? እ.ኤ.አ. በጥር 2019 ኒው ኦርሊንስ ላይ ለአሜሪካን ፉትቦል ፍጻሜ፣ ለሱፐር ቦውል፣ ማለፊያ በተደረገ ጨዋታ ዳኞቹ ግልጽ ፋውል ዘለሉ፤ ጩኸቱ አገር አናወጠ፤ የፉትቦሉ ሊግ ያንን ዓይነት ጥፋት በቪዲዮ እንዲታይ ፈቀደ፤ ከአንድ ወቅት በኋላ ተወው፤ ቪዲዮ እያዩም መስማማት አልቻሉም። በዚያው ዓመት ግንቦት ወር መጨረሻ የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ቱኒዚያ፣ ራደስ ላይ ሲደረግ የሞሮኮው ዋይዳድ ጎል ተሻረ፤ ቫሩ ይታይ ሲባል መሣሪያው አይሠራም ተባለ፤ ዋይዳዶች አንጫወትም አሉ። የአህጉሩ ትልቁ የክለብ ጨዋታ ነው። እኛ ጀነሬተር ተበድረን የምናበራው ሜዳ ላይ ቫር እስኪመጣ ልጆቹን በክርን እያስመታን እንጠብቅ?

ወንድነት የሚሉት ነገርም አለ። ደገኛው በገና ሰሞን ዱላ ይዞ ሩሩን ሲያሳድድ፣ ያን ዕለት ሎሌ ጌታውን ቢመታ ጌታ አይቆጣም ይባላል፤ ዳኛም አይቆምም። ውብ ባህል ነው፤ አልነካውም። ግን በዓመት አንድ ቀን ነው፤ ዘመዳሞች ናቸው፤ ማታ አብረው ይበላሉ። በሳምንት ሁለት ጊዜ ለነጥብና ለገንዘብ የሚደረግን ጨዋታ በገና ደንብ ማስኬድ አይቻልም፤ በየመንገዱ የውርርድ ቤት በተከፈተበት ዘመንማ ተመልካቹ ራሱ የተጫዋቹን አንጎል ሳይሆን ኪሱ ውስጥ ያለውን ወረቀት ነው የሚያየው። ሦስተኛው ጨዋታ ላይ የተቃጠለበት ሰው ነው «አጫውት!» የሚለው።

ለሐረሪማ ይህ ነገር እንግዳ መሆን አልነበረበትም። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ወደዚህች ከተማ ሲገባ ከጠበቁት ነገሮች አንዱ መሣሪያህን አስረክብ የሚል ትእዛዝ ነበር። በዚያ ዘመን ከጀጎል አምስት በሮች በአንዱ የሚገባ ነጋዴም ሆነ ባላገር ጦሩን ለዘበኛ ሰጥቶ ነበር ገበያ የሚወርደው። ዘበኛውን «ገበያውን ገደልከው፣ አስገበያየን እንጂ!» ያለው ሰው እንዳለ አልሰማሁም። ገበያው የደራው፣ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ ቡናና ጫት የሸጠው፣ ጦሩ ከበር ውጭ ስለቀረ ነው። በሌሊት ወደ ከተማዋ ከሚገባ ጅብ ጋር ተስማምተን የኖርን ሰዎች ፊሽካ ከያዘ አንድ መምህር ጋር መስማማት እንዴት ያቅተናል?

በክርክሩ የሚያስቸግረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አስመሳዩ። ፊሽካ በቀላሉ የሚነፋ ከሆነ ተጫዋቹ በቀላሉ ይወድቃል፤ እየመራ ያለ ቡድን በረኛ አየር ነካኝ ብሎ አምስት ደቂቃ ይተኛል። እውነት ነው፤ አይቼ ተናድጃለሁ፤ እኔም ጮኼያለሁ። ግን መድኃኒቱ ዝምታ አይደለም። በረኛ ኳስ አቅፎ ጊዜ ሲገድል ስንት ዘመን አለቀስን፤ እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ ከ8 ሰከንድ በላይ ከያዘ ለተጋጣሚው የማዕዘን ምት ይሰጣል ተባለ፤ ሕጉ ተጨማሪ ፊሽካ ነው የጨመረው። ለጭንቅላት ጉዳትም መፍትሔው ተጽፎ ተቀምጧል። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ወዲህ በጨዋታው ሕግ ውስጥ የገባው አንቀጽ፣ ውድድሩን የሚመራው አካል ከፈቀደ፣ አንጎሉ ተናግቷል ተብሎ የተጠረጠረ ተጫዋች ከመደበኛው ቅያሪ ውጭ በሌላ እንዲተካ ያደርጋል። የወጣው ተመልሶ አይገባም፤ ተጋጣሚውም አንድ ተጨማሪ ቅያሪ ያገኛል። አሁን አስቡት፤ ጭንቅላቱን ይዞ የሚንከባለል አስመሳይ ዳኛው መጥቶ «በል ውጣ፣ ዛሬ አትመለስም፤ እነሱም አንድ ሰው ይቀይራሉ» ቢለው በስንት ሰከንድ ይነሣል? እውነት የተጎዳው ደግሞ ቡድኑ በ10 ሰው እንዳይቀር ሲል አንጎሉን አያስይዝም። ይህ ሕግ ስታዲየም አይጠይቅም፤ ካሜራ አይጠይቅም፤ ዶላር አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንድ ወረቀት ላይ የሚፈርም የውድድር ኮሚቴና የሚነፋ ዳኛ ነው። በከተማችን ከትንሿ የሰፈር ዋንጫ ጀምሮ ሊሠራበት ይችላል፤ በሚቀጥለው ውድድር ደንብ ላይ ይግባ እላለሁ፤ ለማን እንደምል ደግሞ የሚመለከታቸው ያውቃሉ።

ዳኛም የሌለን አገር አይደለንም። ሊዲያ ታፈሰ እ.ኤ.አ. በ2015 ካናዳ ላይ ለተደረገው የሴቶች ዓለም ዋንጫ በዳኝነት ተመርጣ ነበር፤ ባምላክ ተሰማ ለ2018ቱ የሩሲያ ዓለም ዋንጫ ከተመረጡት ዳኞች አንዱ ነበር። ሁለቱም የተነሡት «ሌባ!» ከሚባልበት ሜዳ ነው፤ ውጭ ሲሄዱ ግን ፊሽካቸውን ሲነፉ የሚያከብራቸው አገኙ። እዚህ የቀሩት ናቸው በየሳምንቱ አቧራ ላይ ቆመው በእኛ ጭብጨባ ዝም ማለትን የሚማሩት።

አብሮ አደጌ ወደ ዋሽንግተን ከመመለሱ በፊት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ያንኑ ሜዳ ወሰድኩት። ሃያኛው ደቂቃ አካባቢ አንድ ተከላካይ ሸርተቴ ገብቶ የአጥቂውን ቁርጭምጭሚት አገኘው፤ ጫማው ለብቻው ሄደ። ዳኛው ፊሽካውን አፉ ላይ አደረገና ዳር ያለውን ሕዝብ አየ። ሕዝቡ «አጫውት!» አለ። እኔ «ንፋ! ንፋ እንጂ!» ብዬ ጮኽኩ፤ ድምፄ ብቻውን ስለነበር ከሁሉም ጎልቶ ተሰማ። አጠገቤ የቆሙ ሽማግሌ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና፣

«አቦ፣ አንተ የዳኛው ወንድም ነህ እንዴ?» አሉኝ።